ትኩስ አይብ በዳቦ ላይ



ዛሬ ልናገር የመረጥሁት ስለ ጨረቃ ጕዞ አይደለም፤ ስለ እራት ነው። ፈረንጆች በአንድ ቁራጭ ዳቦ ላይ ፎርማጆ አድርገው በጋለ ምድጃ ውስጥ ያስገቡታል፤ ሲቀልጥም ሌላ ዳቦ ሳይደርቡበት በትኩሱ ይበሉታል። ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ፣ «ምድጃው ከየት፣ ፎርማጆውስ ከየት?» ብለን እንተወዋለን። እኔ ግን በወለቃ ምጣድና በእናቶቻችን አይብ ይሠራል እላለሁ።

አስቀድመን የአይብን ጠባይ እንወቅ። ብዙው ፎርማጆ ከጥጃ ጨጓራ ወይም ከሌላ ምንጭ በሚገኝ ማርጊያ የረጋ ስለ ሆነ እሳት ሲነካው ይቀልጣል። አይብ ግን በኮምጣጣነትና በሙቀት የረጋ ነውና ቢያነዱበት ይደርቃል እንጂ አይቀልጥም። ስለዚህ የመቅለጡን ሥራ ለቅቤ እንተውለታለን።

ቅቤው ከወጣ በኋላ የቀረውን አሬራ በለዘብተኛ እሳት አሙቁት። ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ካፈላችሁት የመቀቀል ጣዕም ይይዛል። አይቡ ሲሰበሰብ በንጹሕ ጨርቅ አንጠልጥሉት፤ አጓቱ በደንብ ካልተንጠፈጠፈ ዳቦውን ገንፎ ያደርገዋል። ከዚያም ንጥር ቅቤ፣ ጨውና የተከተፈ ቃሪያ ጨምራችሁ ለውሱት።

ያደረ ድፎ ዳቦ በጣት ውፍረት ቁረጡ። አንዱን ፊት በምጣዱ ላይ ጠብሳችሁ ገልብጡት፤ አይቡን በተጠበሰው ፊት ላይ አድርጉ፤ እሳቱን ወደ ፍም መልሳችሁ አክንባሎውን ድፉበት። ጥቂት ቆይታችሁ ስትከፍቱት ቅቤው ወደ ዳቦው ሰርጎ ታገኙታላችሁ። (በጾም ቀን ግን አትጥሩኝ።)

ብረት ምጣድ ዳቦን ፈጥኖ ያሳርራል፤ ሸክላ ግን ሙቀቱን ቀስ ብሎ ተቀብሎ ቀስ ብሎ ይለቃል። ወለቃ በሸክላ ስሟ የተጠራው በቤተ እስራኤል ሴቶች እጅ ነበር። ጎረቤቶቻቸው በምጣዳቸው እንጀራ እየጋገሩ ሠሪዎቹን «ቡዳ» ብለው ይሸሿቸው ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብቻ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወስደዋል። የሸክላው ሥራ ግን በሌሎች ሴቶች እጅ በወለቃ ቀጥሏል። ምጣድ ስንገዛ በዋጋው አጥብቀን እንከራከራለን፤ የሠሪዋን ስም የሚጠይቅ ግን እስካሁን አላየሁም።

ምጣድ የምትገዙ ከሆነ ስሟን ጠይቋት፤ አሟሟሹንም እርስዋው ትንገራችሁ። በጎመን ዘር በደንብ ካልተሟሸ የመጀመሪያው ቁራጭ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ይቀራል።