የመንፈስ ጭንቀት መድኃኒት አወሳሰድ



ዛሬ የማነሣው ነገር በየቤቱ በሹክሹክታ የሚወራ ነው። ሐኪም ለመንፈስ ጭንቀት ሰርትራሊን ወይም ፕሮዛክ ሲያዝ፣ ብዙ ሰው «እብድ ተባልሁ» ብሎ ኪኒኑን ይደብቃል። እብደት አይደለም፤ የሚታከም ሕመም ነው።

ይህ ኪኒን ግን እንደ ራስ ምታት ኪኒን ዛሬ ተውጦ ዛሬ አያሽልም። በየቀኑ ተወስዶ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በመጀመሪያ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይቀንሳል። ብዙዎች ኪኒኑን የሚተዉት ግን ልክ በዚህ ጊዜ ነው! ሌላው ደግሞ «ተሽሎኛል» ብሎ በአንድ ቀን ይጥለዋል። ያን ጊዜ ማዞር፣ ብስጭት፣ እንደ ኤሌክትሪክ የመንዘር ስሜት ሊከተል ይችላል። ከተሻላችሁ በኋላም ቢያንስ 6 ወር ይወሰዳል፤ ሲቆም ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል።

ለጎረቤት አታካፍሉ። ጠላና አረቄ ይቅሩ። ከአስፒሪን ወይም ከኢቡፕሮፌን ጋር ሲወሰድ ደም ሊያፈስ ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሩ፤ የአገር ቤት መድኃኒትም ከሆነ አትደብቁ። አስተሰርዮን ለመጾም የሚያስብ ቀደም ብሎ ይጠይቅ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በተለይ ዕድሜው ከ25 በታች የሆነ፣ ቢረበሽ ወይም ስለ መሞት ቢያወራ ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ለሐኪሙ፣ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ከሆነ ለ101 ደውሉ።

ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። እናት የልቧን በ10 ዓመት ልጅ አፍ አትናገርም። የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ቁፓት ሆሊሞች የቋንቋ እርዳታ እንዲሰጡ አዟል። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ።