ቅይጥ ማዕድንና የሙቀት መንገድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ እሳትና ስለ ማዕድን ነው። ነፋስ መውጫ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፥ ብርዷን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማታ እናት እንጀራ ስትጋግር ከምድጃው ፈቀቅ ብሎ የተቀመጠው ልጅ ይንቀጠቀጣል፤ የምድጃው ሙቀት ግን በክዳኑ አልፎ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ይህ በከንቱ የሚጠፋ ሙቀት መጽሐፍ ለማንበቢያ ብርሃን ሊሆነን አይችልምን? ብለን ጠየቅን። መልሱን ስንፈልግ ወደ ቅይጥ ማዕድን መራን።

እ.ኤ.አ. በ1821 ቶማስ ዜቤክ የተባለ ሊቅ ሁለት ልዩ ልዩ ማዕድናትን እንደ ቀለበት አገናኝቶ አንዱን መጋጠሚያ ቢያሞቅ፥ በአጠገቡ የነበረችው የኮምፓስ መርፌ ተንቀሳቀሰች። የሙቀት ልዩነት ኤሌክትሪክ አስነሥቶ ነበር። ነገር ግን ሙቀቱ ፈጥኖ ተሻግሮ ቀዝቃዛውን ወገን ካሞቀው ልዩነቱ ይጠፋል፥ ኤሌክትሪኩም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የሚፈለገው ኤሌክትሪክን የሚያሳልፍ፥ ሙቀትን ግን የሚያግድ ነገር ነው።

የማዕድን ቅየጣ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሚሲዮን የእጅ ባለሙያዎችንና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል በዚያ ተሠርቶ፥ በ1860 ዓ.ም. በጋይንትና በጨጨሆ በኩል በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ። መድፉ የነሐስ ነው፤ ነሐስም ከመዳብና ከቆርቆሮ ቅይጥ ይገኛል። ቆርቆሮው መዳቡን ያጠነክረዋል፥ በቀላሉም እንዲቀልጥ ያደርገዋል። ሦስተኛም ጠባይ አለው፤ ከመቶው አሥር እጅ ቆርቆሮ የገባበት ነሐስ ሙቀት የማሳለፍ ኃይሉ ከንጹሕ መዳብ ከአንድ አምስተኛ በታች ይወርዳል።

ይህን ጠባይ በክፍላችን በዓይናችን አይተናል። እኩል ርዝመትና ውፍረት ያላቸውን የመዳብና የቢጫ ናስ ዘንጎች ይዘን፥ በየጫፋቸው አንዳንድ የገብስ ፍሬ በሰም አጣበቅን። ሌላውን ጫፋቸውን በአንድ እሳት ላይ ብናደርግ የመዳቡ ገብስ አስቀድሞ ወደቀ። ናስ መዳብና ዚንክ የተቀየጡበት ስለ ሆነ ሙቀቱ በውስጡ ዘገየ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ሰዎች በሰልፍ ቆመው ድንጋይ እጅ ለእጅ ሲቀባበሉ አስቡ። ቁመታቸው እኩል ከሆነ ሥራው ይፈጥናል፤ በመካከላቸው ሕፃናት ቢገቡ ግን ቅብብሉ ይሰናከላል። በማዕድንም ውስጥ አቶሞች በሥርዓት ተሰልፈው ንዝረት ይቀባበላሉ፤ ባዕድ አቶም ሲገባ ንዝረቱ ይበታተናል። ሲሊከን ሙቀት የማሳለፍ ልኩ 150 ያህል፥ የጀርማኒየም 60 ያህል ነው፤ ሁለቱ ሲቀየጡ ግን መካከለኛውን አይዙም፥ ከ10 በታች ይወርዳሉ።

በመዳብና በናስ ግን ሙቀትን በብዛት የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ቅየጣ እነርሱን ሲያግድ ኤሌክትሪኩንም አብሮ ስለሚያግድ ለዚህ ሥራ ትርፍ የለውም። እንደ ሲሊከን ባሉት ውስጥ ሙቀቱን በይበልጥ የሚሸከመው ንዝረት ነው፤ ጠጠር ጉንዳንን ሲያግድ በቅሎን እንደማያግድ፥ ባዕዱ አቶም አጫጭሩን የሙቀት ሞገድ አግዶ ኤሌክትሮኑን ብዙም ሳይጎዳ ያሳልፈዋል። ይህን የቅየጣ ዘዴ የሩስያው ሊቅ አብራም ዮፌና ባልደረቦቹ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አስፋፉት። እ.ኤ.አ. በ1977 ወደ ጠፈር የተላኩት ሁለቱ ቮየጀር መንኮራኩሮችም ኤሌክትሪካቸውን ያገኙት ከሲሊከንና ከጀርማኒየም ቅይጥ ነው። ረጅሙ የሙቀት ሞገድ ግን እንደ በቅሎ ጠጠሩን ተሻግሮ ያልፋል፤ ለእርሱ አጥር ያስፈልጋል፤ አጥሩም ማዕድኑን እጅግ ደቃቅ አድርጎ ፈጭቶ እንደገና በማጣበቅ ይሠራል።

ይሁን እንጂ ተስፋችንን አናጋንን። ከምድጃ ሙቀት በዚህ መንገድ ከመቶ አምስት እጅ ያህል እንኳ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። መብራት ለማብራትና ስልክ ለመሙላት ይበቃ ይሆናል፤ እንጨት ጨምሮ ለማንደድ ግን ምክንያት አይሆንም። የጉና ተራራ ግርጌና የእስቴ፥ የስማዳም ቀበሌዎች ደናቸውን ያጡት አስቀድሞ ነው።

አሁን አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ኅሊናችን ይወቅሰናል። ለሙከራው ዘንጎቹን ቀጥቅጦ ያስተካከለልን የክፍል ጓደኛችን ነው፤ አባቱ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ናቸው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን «ቡዳ» ብለን ብቻውን እንዲቀመጥ ያደረግነው እኛው ነበርን። ወላጆቻችን ሆይ፥ በድፍረት አትቁጠሩብን፤ ማረሻውን እየፈለግን ማረሻ ሠሪውን ከናቅን፥ በጋፋት የነደደው እሳት ለምን ልጅ እንዳላፈራ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልገንም። እኛ ጓደኛችንን በክፍላችን ፊት ይቅርታ ጠይቀነዋል። ዛሬ ደግሞ በእናንተ ፊት እንጠይቀዋለን።

ከእኛ በኋላ ለምትመጡ ተማሪዎች አደራችን ይህ ነው፤ መጽሐፉን ከመዶሻው አትለዩ።