ባለጉ ስለ ተባሉት ሰው



በዳባት አገር ያስታርቁ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አውቅ ነበር። ሃምሳ አምስት ዓመት ሲሆናቸው ለቅሶ ቤት ይስቁ፥ የጎረቤት ማር ሳያስፈቅዱ ይበሉ ጀመር። ማኅበርተኞቻቸው «ባለጉ» ብለው ራቋቸው፤ ሌላውም ዛር ነው አለ። የትናንቱን ሁሉ ያስታውሱ ስለ ነበር በሽታ ነው ብሎ የጠረጠረ አልተገኘም።

ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ የሚባለው ሕመም የአንጎልን የግንባርና የጎን ክፍል ቀስ በቀስ ያመነምናል፤ አርኖልድ ፒክ የተባለ የፕራግ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1892 ስለዚሁ ጽፏል። ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ የሚያድነው መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም።

የደምቢያ ወባ እ.ኤ.አ. በ1954 ኮሌጃችንን አስቋቁሟል፤ ይህኛው ግን ድምፅ የለውም። ጠበል መውሰዱን አልቃወምም፤ ነገር ግን በሰንሰለት እንዳይታሰሩ፥ ገንዘባቸውንም የሚጠብቅላቸው ሰው እንዲኖር፥ በዚህ ክረምት ወደየአገራችን ስንገባ ለሚስትና ለልጆች እንንገር።