የጉልበት ቅባት በመሐንዲስ ዓይን
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ ሰበቃና ስለ ቅባት እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ፣ ስለ ብሮንዚና፣ ስለ ኩሽኔታና ስለ ግራሶ ከማውራት ይልቅ እያንዳንዳችን ይዘነው ስለምንዞረውና ከማናቸውም ፋብሪካ ስላልወጣው ኩሽኔታ፣ ይኸውም ስለ ጉልበታችን እንድናገር ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ኮሚቴውም ፈቀደልኝ። ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ዛሬ በጉልበት ውስጥ የሚወጋው፣ በፊት ላይ የሚቀባውና በእንክብል የሚዋጠው ሃያሉሮኒክ አሲድ የተባለው ነገር ለገዢው የሚቀርበው በእኛ በመሐንዲሶች ቋንቋ ነው፤ «የመገጣጠሚያህ ዘይት ስላለቀ እንሙላልህ» እየተባለ። በእኛ ቋንቋ የቀረበልንን ነገር በእኛ ሚዛን ብንመዝነው ከድንበር ማለፍ የሚቆጠርብን አይመስለኝም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ምንነት። በ1934 ካርል ማየርና ጆን ፓልመር የተባሉ ተመራማሪዎች በኒውዮርክ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከከብት ዓይን ውስጥ ካለው ብርጭቆ መሰል ፈሳሽ አንድ አዲስ ነገር ለይተው አወጡ። ስሙንም ብርጭቆ ማለት ከሆነው «ሃያሎስ» ከሚለው የግሪክ ቃልና ዩሮኒክ አሲድ ከተባለው የስኳር ዝርያ አጋጥመው ሰየሙት። ሁለት የስኳር ዓይነቶች እየተፈራረቁ የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ቅርንጫፍም ቋጠሮም የለውም። በጤነኛ ጉልበት ውስጥ የአንዱ ሰንሰለት የሞለኪዩል ክብደት ስድስት ሚሊዮን ያህል ይደርሳል። የአንዱ ጥንድ ስኳር ክብደት 400፣ ርዝመቱም አንድ ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በአንዱ ሰንሰለት ላይ 15,000 ጥንዶች ተሰድረዋል ማለት ነው። ውፍረቱ አንድ ሳንቲሜትር የሆነ ገመድ ብናደርገው ርዝመቱ 150 ሜትር ይሆን ነበር። እንዲህ ያሉ ገመዶች በውኃ ውስጥ ሲጠላለፉ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም፤ የተዘፈዘፈ ተልባ ያየ ሰው አይቶታል። ውኃው ይዝለገለጋል፤ ሲያነሡት ይከተላል።

ይህ ዝልግልግነት ከተራ ዘይት የሚለይበት ጠባይ አለው። ቀስ ብለው ሲያንቀሳቅሱት ወፍራም ነው፤ ፈጥነው ሲያንቀሳቅሱት ይቀጥናል፤ በድንገት ሲመቱት ደግሞ እንደ ላስቲክ ይመልሳል። ለቆመ ሰው፣ ለሚራመድ ሰውና ከደረጃ ለሚዘል ሰው በአንድ ጊዜ የተስማማ ቅባት እንድንቀምም ብንታዘዝ ከዚህ የተሻለ መመዘኛ የምንጽፍ አይመስለኝም። ጠባዩ ግን የቆመው በሰንሰለቱ ርዝመት ላይ ነው። ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ እስከ መጠላለፍ በደረሱበት መፍትሔ ውስጥ፣ የሰንሰለቱ ርዝመት በግማሽ ሲያጥር ዝልግልግነቱ ወደ አንድ አሥረኛ ያህል ይወርዳል። መገጣጠሚያ ሲያረጅና ሲቆጣም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሰንሰለቱ ያጥራል፣ መጠኑም ይሳሳል።

እንግዲህ የ«ዘይት እንሙላ» ሐሳብ የተወለደው ከዚህ ነው። ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አይደለም፤ እኔም ስለ እርሱ መጀመሪያ ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ጥያቄው ግን የጉልበት ኩሽኔታ በእውነት የሚሠራው በዚህ ፈሳሽ ዝልግልግነት ነው ወይ የሚለው ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት እንድቆይ ይፈቀድልኝ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነውና።

በ1932 ማክኮናይል የተባሉ የአካል አሠራር ሊቅ መገጣጠሚያ እንደ ተሽከርካሪ ዘንግ በፈሳሽ ሽብልቅ ላይ የሚንሳፈፍ ነው ብለው ጻፉ። ይህ እኛ በትምህርት ቤት የተማርነው የብሮንዚና አሠራር ነው፤ ዘንጉ ሲፈጥን ዘይቱን ከሥሩ ይስብና ይንሳፈፋል። ነገር ግን ጉልበት እንደ ሞተር በአንድ አቅጣጫ አይሽከረከርም። ይወዛወዛል፣ ይቆማል፣ ሸክሙም ከባድ ነው። በበርሊን ተመራማሪዎች መለኪያ በተገጠመበት ሰው ሠራሽ ጉልበት እንደለኩት፣ በሜዳ ሲራመዱ የሰውነትን ክብደት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል፣ ደረጃ ሲወርዱ ደግሞ ሦስት ተኩል እጥፍ ያህል ይሸከማል። በዚህ ፍጥነትና በዚህ ሸክም የፈሳሽ ሽብልቅ ብቻውን አይበቃም። ሆኖም የመገጣጠሚያ የሰበቃ ቁጥር ከብረት ላይ ከሚንሸራተት ቴፍሎን እንኳ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። እንግሊዛዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ጆን ቻርንሊ ይህን ተቃርኖ ከመሐንዲሶች ጋር ሆነው በመረመሩበት ዘመን ነበር የዳሌን መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ መተካት የጀመሩት። በመጀመሪያ የተጠቀሙበት ቴፍሎን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተፋቀ፤ በ1962 ወደ ፖሊኢትሊን ተሻገሩ፤ ያም ጸና።

የተቃርኖው አንደኛ መልስ በ1959 ከማክከቺን መጣ። በአጥንቱ ጫፍ ላይ የተለበጠው ልም አጥንት በውኃ የተሞላ ስፖንጅ ነው፤ ሸክም ሲያርፍበት በውስጡ የታሰረው ውኃ ግፊቱን ይሸከማል፣ ጠጣሩ አካል ከጠጣሩ ጋር የሚነካካው በጥቂቱ ብቻ ነው። ሁለተኛው መልስ ለዛሬው ርእሳችን ይበልጥ ይጠቅማል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች ከከብት መገጣጠሚያ ፈሳሽ ወስደው ሃያሉሮኒክ አሲዱን በኢንዛይም ቆራረጡት፤ ፈሳሹም እንደ ውኃ ቀጠነ። ልም አጥንትን ከልም አጥንት ጋር ሲያፋትጉበት ግን ማለስለሱ እንዳለ ነበር! ፕሮቲኑን በሚያፈርስ ኢንዛይም ሲነኩት ግን ማለስለሱ ጠፋ። በ1970 ራዲን፣ ስዋንና ዋይሰር ሃያሉሮኒክ አሲድ የሌለበትን ክፍል ለይተው አለስላሹ በዚያ ውስጥ መሆኑን አሳዩ፤ ይህም ፕሮቲን ኋላ ሉብሪሲን ተባለ። ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘር የተበላሸባቸው ልጆች በለጋ ዕድሜያቸው መገጣጠሚያቸው እንደሚጎዳ በ1999 ታወቀ።

ይህ ማለት ሃያሉሮኒክ አሲድ ሥራ ፈት ነው ማለት አይደለም። በእስራኤል በዋይዝማን ተቋም ያኮብ ክላይንና ባልደረቦቻቸው በ2015 እንዳሳዩት፣ በልም አጥንቱ ገጽ ላይ የተያያዘ ሃያሉሮኒክ አሲድ የስብ ሞለኪዩሎችን አሰልፎ ይይዛል፤ በእነርሱም ላይ የተጣበቀው ስስ የውኃ ሽፋን ሰበቃውን እጅግ ዝቅ ያደርጋል። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ የሚሠራው በጉድጓዱ ውስጥ የሚዋኘው ዝልግልግ ሳይሆን በገጹ ላይ በሥርዓት የተሰካው ነው። ገጹ የተፋቀበትን ብሮንዚና ዘይት በመጨመር ማዳን እንደማይቻል ከእኛ መካከል የማያውቅ የለም።

ወደ መርፌው ልመለስ። በሃንጋሪ የተወለዱት ኤንድሬ ባላዝ የተባሉት ሳይንቲስት በአውራ ዶሮ ራስ ላይ ከሚቆመው ቀይ ሥጋ ንጹሕ ሃያሉሮኒክ አሲድ የማውጣትን ዘዴ አበጁ። በመጀመሪያ ከተጠቀሙት መካከል መገጣጠሚያቸው የተጎዳ የእሽቅድምድም ፈረሶች ይገኛሉ። ከዚያም ዓይን መጣ፤ ከ1980 አካባቢ ጀምሮ የዓይን ሞራ ቀዶ ሐኪሞች ይህን ፈሳሽ በዓይን ውስጥ ጨምረው ክፍተቱን እንዳይከደን ያቆሙበታል፣ ሥራቸውን ሲጨርሱም መልሰው ያጥቡታል። ይህ በእውነት የተሳካ ምሕንድስና ነው። በአገራችን ከዓይነ ስውርነት ምክንያቶች ቀዳሚው የዓይን ሞራ ስለሆነ ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ሆኖም ከፈሳሹ የሚጠየቀው ሥራ ምን እንደሆነ አስተውሉ፤ ለጥቂት ደቂቃዎች ቦታ ይዞ መቆም ብቻ ነው።

ለጉልበት የሚሆነውን መርፌ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ1997 ፈቀደ፤ የፈቀደውም በመድኃኒትነት ሳይሆን በሕክምና መሣሪያነት ነው፤ የሚሠራው በመካኒካዊ መንገድ ነው ተብሎ። በ2018 ባለሥልጣኑ ራሱ ይህን አመዳደብ እንደገና ማጤን እንደሚያስፈልግ አስታወቀ። ቀድመው ከተፈቀዱት አንዱ በሁለት ሚሊሊትር ውስጥ 20 ሚሊግራም የያዘ ነው፤ የሰንሰለቱም ክብደት ከሰባት መቶ ሺህ ብዙ አያልፍም፣ ይኸውም ከተፈጥሮው ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ያልተጠላለፈው ዓይነት ጉልበት ውስጥ የሚቆየውም በቀናት የሚቆጠር ጊዜ ሲሆን እፎይታው ለወራት ነው ይባላል። በቀናት የሚጠፋ ዘይት ለወራት ያለሰልሳል ብሎ በሥዕል ያቀረበልኝ ወጣት መሐንዲስ ቢኖር ሥዕሉን መልሼ እሰጠው ነበር።

ነገር ግን ንድፈ ሐሳብ ሁሉ በፈተና ፊት ዝም ይላልና ፈተናውን እንይ። በ2022 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 169 ሙከራዎችን፣ በእነርሱም ውስጥ ከ20,000 በላይ ሕሙማንን አሰባስቦ መረመረ። ሕሙማን ሕመማቸውን በ100 ሚሊሜትር መስመር ላይ ምልክት አድርገው ያሳያሉ። ባዶ መርፌ ከተወጉት ጋር ሲነጻጸር፣ ትላልቆቹ ሙከራዎች ያሳዩት ልዩነት 2 ሚሊሜትር ነው። ለሕመምተኛው የሚሰማ ለውጥ ለመባል 9 ሚሊሜትር ያህል ያስፈልግ ነበር። ሁለት ሚሊሜትር! በሥዕል ጠረጴዛ ላይ ከሁለት የወፍራም እርሳስ መስመር አይበልጥም። ከባድ የጤና እክልም በተወጉት ላይ በዝቶ ተገኝቷል። የአሜሪካ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚ በ2021 መመሪያው ይህን መርፌ ለዘወትር ሕክምና እንዳይጠቀሙበት መክሯል።

«እኔ ግን ተወግቼ ተሽሎኛል» የሚል ሰው በመካከላችን ሊኖር ይችላል፤ አልዋሸም። በእነዚያ ሙከራዎች ውስጥ የጨው ውኃ የተወጉትም ብዙዎቹ ተሽሏቸዋል። የጉልበት ሕመም እንደ ማዕበል ይነሣል፣ ይተኛል፤ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ሲነሣበት ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሚከተለው ብዙውን ጊዜ መውረድ ነው።

ይህን ሁሉ ያጠናሁት ለንግግር ብዬ አልነበረም። እናቴ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ሁለቱም ጉልበታቸው ያማቸዋል። ባሕር ማዶ ያሉት ወንድሞቼና እኅቴ ገንዘብ አዋጥተው መርፌውን እናስወጋቸው ብለው ተስማምተው ነበር፤ «አንተ መሐንዲስ ነህ፣ ነገሩን መርምር» የሚል አደራም ለእኔ ደረሰኝ። እናቴም በበኩላቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጄ፣ ከተወጋሁ በኋላ ሰግጄ መነሣት እችላለሁ?» የሚል። ይህ ጥያቄ በ100 ሚሊሜትር መስመር ላይ አይለካም፤ ቢሆንም ከዚያ የተሻለ መልስ የሚሰጠኝ ቁጥር ስላልነበረኝ «መርፌው ያንን የሚያመጣ አይመስለኝም፣ እማዬ» አልኋቸው። ገንዘቡንም በሌላ መንገድ እናውለው ብዬ ለወንድሞቼ ጻፍሁ። እኅቴ ተቀይማኛለች፤ ለእናት የሚሰጥ ነገር በሚሊሜትር አይቆጠርም ትላለች። በዚህ ረገድ ከእርሷ ጋር መከራከር ከባድ ነው።

ስለ ቆዳ በአጭሩ ልናገር። በሰውነታችን ካለው ሃያሉሮኒክ አሲድ ግማሽ ያህሉ በቆዳ ውስጥ ነው፤ በዚያም ቢሆን በአንድ ቀን ገደማ እየፈረሰ በአዲስ ይተካል። ክሬም አድርገው ሲቀቡት ግን ወደዚያ አይደርስም። ክብደታቸው ከ500 የሚበልጥ ሞለኪዩሎች የቆዳን የላይኛ ንብርብር ለማለፍ ይቸገራሉ፤ ይህ ደግሞ በመቶ ሺሆችና በሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው። በላዩ ተቀምጦ ውኃ ይይዛል፣ ፊት ለሰዓታት ለስልሶ ይታያል፤ ለዚህ ብቻ የሚገዛው ካለ አልከለክልም፣ ዋጋውን ግን ከተራ ቫዝሊን ጋር ያስተያይ። በመርፌ ከቆዳ ሥር የሚሞላው ሌላ ነገር ነው፤ ሰንሰለቶቹ በኬሚካል እርስ በርስ ተጠላልፈው ስለተያያዙ ለወራት ይቆያል፣ የተሸበሸበውንም በእውነት ይሞላል። ነገር ግን በስሕተት ወደ ደም ሥር ቢገባ ሥጋን ሊገድል፣ ዓይንንም ሊያሳውር ይችላልና በማናቸውም የውበት ሳሎን የሚደረግ ሥራ አይደለም። ቆዳን ከዕድሜው በላይ ከሚያስረጁት ሁሉ ዋነኛው ፀሐይ ነው፤ በከፍታ ላይ ለምንኖር ለእኛ ደግሞ ባርኔጣና ጥላ ከማናቸውም ብልቃጥ ይቀድማሉ።

የእናቴን ጉልበት በተመለከተ የወሰድነው መንገድ ከማንኛውም ድልድይ ሠሪ የተለመደ ነው፤ ኩሽኔታውን ማደስ ካልተቻለ ሸክሙን መቀነስና ደጋፊውን ማጠንከር። በ2005 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በክብደት ላይ አንድ ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል እንደሚነሣ አሳይቷል። በቀን ሁለትና ሦስት ሺህ እርምጃ ለሚራመድ ሰው ይህ ስንት ቶን እንደሚሆን እናንተው አስሉት። የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አንዲት የአካል ሕክምና ባለሙያ በሳምንት ሁለት ቀን ቤት ድረስ እየመጣች ታሠራቸዋለች፤ ለመርፌው የተዋጣው ገንዘብ የሚከፈለው ለዚህ ነው። ከዘራቸውንም ይበልጥ በሚያማቸው ጉልበት በኩል ይይዙ የነበሩትን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛውረነዋል፤ የኃይል ሚዛኑን በወረቀት ላይ ሥዬ ሳሳያቸው ሥዕሉን ሳያዩ «እንዲያ ከሆነማ እንሞክረው» አሉኝ። አሁን ለመስገድ ዝቅ ያለች በርጩማ ይደገፋሉ፤ ሲነሡም ማንንም አይጠሩም።