ሁለት ስም ያላቸው ከተሞች፤ ስለ አምቦና ስለ ምዕራብ ሸዋ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆመን ለመናገር ፈቃድ የጠየቅነው ከአምቦና ከአካባቢዋ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ነን። እያንዳንዱ አባል ያደገበትን አገር ለጓደኞቹ እንዲያስተዋውቅ በማኅበራችን በተወሰነው መሠረት ተራው ለእኛ በመድረሱ ደስታችን ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ንግግሩን ልናዘጋጅ በተቀመጥንበት ምሽት፣ ገና አርእስቱን ስንጽፍ፣ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን «አምቦ» ብሎ ሲጽፍ ሌላው የአያቱን የድሮ ወረቀት ጠቅሶ «ሀገረ ሕይወት ተብሎ የተጻፈውስ ወዴት ሊሄድ ነው?» አለ። ስለ ሆለታም እንዲሁ ሆነ፤ ስለ አዲስ ዓለምም እንዲሁ። ሌሊቱ እስኪጋመስ ተከራክረን ሳንስማማ ተኛን። በማግሥቱ ግን የተጣላንበት ጉዳይ ራሱ ልንናገርለት የሚገባን ጉዳይ መሆኑ ገባን። ስለዚህ በዕረፍታችን ጊዜ ከአዲስ አበባ ተነሥተን የምዕራቡን መንገድ ከተማ በከተማ ሄድንበት። ያየነውንና የተማርነውን በመንገዱ ተራ እንነግራችኋለን።

የመጀመሪያው ማረፊያችን ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሆለታ ነበረች። በቀድሞው ዘመን ወረቀት ሆለታ ገነት ትባላለች። በ1927 ዓ.ም. በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች የጦር ትምህርት ቤት የከፈቱባት ከተማ ይህች ናት። ትምህርት ቤቱ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ምንም እንኳ ዕጩ መኮንኖቹ ትምህርታቸውን ገና ያልፈጸሙ ወጣቶች ቢሆኑም፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ሄደው ጥቁር አንበሳ ከተባለው የአርበኞች ማኅበር ጋር ተሰለፉ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. በነቀምት አጠገብ ቦናያ በተባለው ሥፍራ ያረፉትን የኢጣልያ አውሮፕላኖች ያቃጠለው ይኸው ማኅበር ነው። ከዚሁ ትምህርት ቤት በኋለኛው ዘመን ከወጡት መኮንኖች አንዱ ደግሞ የደርጉ ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ናቸው። እንግዲህ አንድ ግቢ ሁለት ዓይነት ታሪክ ማፍራቱን ልብ በሉ። አንዱን ብቻ የሚያነሣ ሰው ስለ ሆለታ ግማሹን ነው የሚናገረው።

ከሆለታ ጥቂት እልፍ ብሎ አዲስ ዓለም ይገኛል፤ የአገሩ ሰው ኤጀሬ ይለዋል። አፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ከአዲስ አበባ ወደዚህ ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ምክንያቱም በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆርጦ ስላለቀ ነው። ሁለቱን ከተሞች ለማገናኘት የተሠራውም መንገድ በአገራችን ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። ኋላ ግን ባሕር ዛፍ መጣ፤ ቶሎ ቶሎ አደገ፤ የማገዶው ችግር ተቃለለ፤ መናገሻውም ሳይነቀል ቀረ። ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከእኛ መካከል አንዱ ከአምቦ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ዓመታት ሲማር በዚህች ከተማ ሳይወርድ ማለፉን በአፍረት ነግሮናል። እኛም ብንጠየቅ ከእርሱ የተሻልን አልነበርንም። የአገሪቱ ዋና ከተማ ልትሆን የነበረችውን ከተማ በመኪና መስኮት ብቻ ነበር የምናውቃት።

ከዚያ ቀጥሎ ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ጊንጪ አለች። የአዋሽ ወንዝ የሚመነጨው በዚሁ በደንዲ ወረዳ ከጊንጪ አቅራቢያ ነው። ያ እስከ አፋር በረሃ ወርዶ፣ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚቀረው ታላቅ ወንዝ እዚህ ሕፃን ልጅ የሚሻገረው ጅረት ነው። ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ የተወለዱትም በደንዲ፣ ዩብዶ በተባለው ሥፍራ ነው። ጠላት ሲገባ የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያ ዕድሜ ጫካ ገብተው እስከ 1933 ዓ.ም. ተዋጉ፤ በአዲስ ዓለም የነበረውን የጠላት ምሽግ ካጠቁት አርበኞች አንዱ እርሳቸው ናቸው። ሕዝቡም «የበጋው መብረቅ» የሚል ስም አወጣላቸው። ያረፉት በ2009 ዓ.ም. ነው።

ጊንጪ ሌላም ቀን አላት። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የጭልሞ ደንና የልጆች ኳስ ሜዳ ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ተብሎ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። ነገሩ ከጊንጪ ተነሥቶ በኦሮሚያ ሁሉ ተዳረሰ። በጥር ወር መንግሥት የአዲስ አበባና የዙሪያዋን የተቀናጀ ማስተር ፕላን መተዉን አስታወቀ። በዚያ ወራት ብዙ ሰው ሞቷል። ጭልሞ ከደጋው የጥድና የወይራ ደን ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ መሆኑን ያየ ሰው፣ ልጆች ስለ ዛፍ የሚጮኹበትን ምክንያት ለመረዳት አይቸገርም። አፄ ምኒልክን ከአዲስ አበባ ሊያስነሣ የነበረው የዛፍ ማለቅ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በጊንጪ ሕዝብን ካስነሡት ነገሮችም አንዱ ያው የዛፍ ጉዳይ ሆነ።

ከጊንጪ ተነሥተን ወደ አገራችን ወደ አምቦ ገባን። አምቦ በቀድሞው የሸዋ ጠቅላይ ግዛት የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የምዕራብ ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ናት። ሀገረ ሕይወት የሚለው ስም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ወጣላት፤ እያደርም አምቦ የሚለው ጥንታዊ ስሟ አሸነፈ። ይሁንና በአገራችን ከዳር እስከ ዳር ይህን ስም የሚያውቀው ሰው አብዛኛው ከተማዋን አያውቃትም፤ የሚያውቀው ጠርሙሱን ነው። በጎንደርም ሆነ በሐረር ሆቴል የገባ ሰው «አምቦ ስጠኝ» ሲል ውሃ ማለቱ ነው። ውሃው ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ከምትገኘው ከሰንቀሌ ይቀዳል። የዝናቡ ውሃ ወደ ምድር ጥልቅ ሰርጎ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ማዕድኑንና ጋዙን ይዞ ይወጣል፤ የሚፈላውም ስለዚህ ነው። በጠርሙስ መሸጥ የጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1930 ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ ቆርኪና ጠርሙስ ሳይታወቅ፣ ገበሬው ከብቱን ወደ ሆራ እየነዳ ያጠጣ ነበር።

በፍል ውሃው አጠገብ ከአንድ አዛውንት ጋር ተገናኝተን የክርክራችንን ነገር አነሣንባቸው። «አባታችን፣ ትክክለኛው የከተማዋ ስም የትኛው ነው?» አልናቸው። ሽማግሌው ፈገግ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ከብቱ የውሃውን ስም ጠይቆ አያውቅም፤ ጥሩ መሆኑን አውቆ ይጠጣል። ስም የሚጠይቅ ሰው ነው፤ ሰውም የሚጠይቀው ለልጁ የሚያወርሰው ስላለው ነው። እኔ ሁለቱንም ስም ኖሬበታለሁ። አንዱን ብትፍቁት ከዕድሜዬ ትፍቁብኛላችሁ» አሉን። እኛ ሌሊቱን ሙሉ ተከራክረን ያልደረስንበትን ነገር እርሳቸው በሁለት ቃል ጨረሱት።

አምቦ የትምህርትም ከተማ ናት። የእርሻ ትምህርት ቤቷ በ1939 ዓ.ም. ተከፍቶ ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲያድግ ቆይቶ በ2003 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለዱት በአምቦ አጠገብ ቦዳ በተባለው ሥፍራ ነው። ስለ ንጉሥ ዲዮናስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ቴአትር የጻፉት ገና በአምቦ ትምህርት ቤት ልጅ ተማሪ ሳሉ ነበር። ከኦሮሞ ቤተሰብ ተወልደው፣ የቤተ ክህነትንም የዘመናዊንም ትምህርት ቀስመው፣ አማርኛን እንደ ወርቅ አንጥረው የጻፉ ሰው ናቸው። ያረፉት በ1998 ዓ.ም. ነው። ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳም የአምቦ ልጅ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ታስሮ በአምቦ ከርቸሌ 5 ዓመት ቆይቷል፤ የመጀመሪያ አልበሙን ዘፈኖች የደረሰው በዚያ ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተገደለ፤ አስከሬኑም ወደ አምቦ ተመልሶ ተቀበረ።

በመካከሉ ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አለ። የማስተር ፕላኑን ጉዳይ በመቃወም የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የከተማዋ ነዋሪዎች በወጡ ጊዜ ጥይት ተተኮሰ፤ ወጣቶች ሞቱ። ከእኛ መካከል በዚያን ጊዜ ልጅ የነበረ አንድ ጓደኛችን፣ ዛሬም በዚያ አስፋልት ሲያልፍ እርምጃውን እንደሚያዘገይ አጫውቶናል። በዚያ መንገድ ስንሄድ እኛም ከእርሱ ጋር አዘገምን። ታሪካዊ ቦታ ማለት ግንብና ሐውልት ብቻ ይመስለን ነበር፤ የሚያውቀው ሰው ሲያልፍበት እርምጃውን የሚያዘገይበት ተራ መንገድም ታሪካዊ ቦታ መሆኑን የዚያን ቀን ተማርን።

ከአምቦ ወደ ደቡብ ብንወጣ የደንዲና የወንጪ ተራሮች አሉ። ሁለቱም በጥንት ዘመን በፈነዳ እሳተ ገሞራ አፍ ላይ ሐይቅ የያዙ ናቸው። ወንጪ ዛሬ በአስተዳደር በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ሲሆን፣ በሐይቁ ላይ ባለችው ደሴት የቅዱስ ቂርቆስ ገዳም ይገኛል፤ በ2014 ዓ.ም. የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ከደንዲ ሐይቅ የሚወጣው ሁሉቃ ወንዝ አምቦን አቋርጦ ወደ ጉደር ይገባል፤ ጉደርም ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ፏፏቴውን ሠርቶ ወደ ዓባይ ይወርዳል። እንግዲህ ከዚህ ደጋ አንዱ ውሃ በአዋሽ ወደ አፋር፣ አንዱ በጉደርና በዓባይ ወደ ግብፅ፣ አንዱም በግቤና በኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይሄዳል። አንድ ዝናብ ሦስት መንገድ ይይዛል ማለት ነው።

ከጉደር አልፈን በጌዶ በኩል ወደ ላይኛው ግቤ ስናቀና ከሁሉ የሚቀድመው ታሪክ ይገኛል፤ ይኸውም ኦዳ ቢሲል ነው። የሜጫ ኦሮሞ በገዳ ሥርዓት ጉባኤ የሚቀመጥበት፣ የመኮ ቢሊ ሕግ የታወጀበት ሥፍራ ነው። ከተሞቻችን ሁሉ ከመቆርቆራቸው በፊት በዚህ ዛፍ ሥር ሕግ ይወጣ፣ ሥልጣንም በየ8 ዓመቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር። በአፄ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥነት ዘመን ራስ ጎበና ዳጬ በመሩት ዘመቻ አገሩ በሸዋ ሥር ሲሆን፣ የመሬቱ ሥርዓት ተለወጠ፤ ባላገሩ ገባር ሆነ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡት እንዲህ ስላለው ገበሬ ነው። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እኛ ግን የሮማን የሕግ ታሪክ ለፈተና ስናጠና፣ ከቤታችን የአንድ ቀን መንገድ ላይ ያለውን የሕግ ዛፍ ሳናውቅ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባነው።

ውድ ጓደኞች፤ «ያለፈውን መቆፈር ጠብ ይጭራል፤ ተዉት» የሚሉን አሉ። በበኩላችን የምናምነው ግን ሌላ ነው። በመኝታ ክፍላችን የተጣላነው እያንዳንዳችን ግማሽ ግማሹን ስለምናውቅ ነበር። ጃገማ ኬሎን የሚያውቀው ሚያዝያ 2006ን አያውቅም፤ ሚያዝያ 2006ን የሚያውቀው የሆለታን ዕጩ መኮንኖች አያውቅም፤ ሁላችንም ኦዳ ቢሲልን አናውቅም ነበር። መንገዱን አብረን ከሄድንበት ወዲህ ክርክሩ ጨርሶ ባይቀርም፣ አንዳችን የሌላችንን ስም መፋቅ ትተናል።

ስለዚህ ለማኅበሩ ሦስት አሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ አባል በመጪው ዕረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ ቢያንስ ከአንድ አዛውንት ስለ አንድ ቦታ ታሪክ ጽፎ ይምጣ። በኦሮምኛ የተነገረው በኦሮምኛ፣ በአማርኛ የተነገረው በአማርኛ፣ ተናጋሪው እንደተናገረው ይጻፍ፤ ትርጉሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሁለተኛ፣ በጋዜጣችን የቦታ ስም ሲጻፍ ሁለት ስም ያለው በሁለቱም ስሞቹ፣ ስሙ ከወጣበት ዘመን ጋር ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ማኅበሩ በየዓመቱ አንድ የጉብኝት ጉዞ ያዘጋጅ፤ የመጀመሪያውም በዚሁ በምዕራቡ መንገድ ይሁን። በአዲስ ዓለም ከመኪና የማይወርድ ተማሪ ግን ከጉዞው ይቅር።

ሽማግሌዎቻችን እንደ ፍል ውሃው ሁልጊዜ የሚፈልቁ አይደሉም። ያን አዛውንት በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሥፍራ እናገኛቸው ይሆን? ማንም ዋስ የለንም። ከእርሳቸው የሰማነውን ግን ዛሬ ለእናንተ አድርሰናል፤ ከእንግዲህ ወዲያ አደራው የሁላችንም ነው።