አውራ ጣት የምታህል ሰርቨር

ድረ ገጽ የሚያቀርብ ሰርቨር ሁሉ ጀኔሬተርና ማቀዝቀዣ የሚሻ ግዙፍ መሣሪያ ነው ብሎ የሚያምን ሰው፣ በጥር 2013 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበችው ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የተሰኘች የኮምፒውተር ሰሌዳ ርዝመቷ 51 ሚሊ ሜትር፣ የሥራ ማኅደረ ትውስታዋም 264 ኪሎባይት ብቻ ሆኖ ሳለ ይህንኑ ግብር እንደምትፈጽም ሲሰማ መደነቁ አይቀርም።

ምሥጢሩ እንዲህ ነው፦ ተገቢው ፕሮግራም የተጫነባት ሰሌዳ በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር ስትገናኝ፣ ራሷን እንደ ፍላሽ ሳይሆን እንደ ኔትወርክ ካርድ ታስተዋውቃለች፤ ለላፕቶፑም አድራሻ ታድለዋለች፤ ተጠቃሚው በብሮውዘሩ ላይ ለምሳሌ 192.168.7.1 ብሎ ሲጽፍ፣ ጥያቄው ከጠረጴዛው ሳይርቅ በዚያችው ገመድ ደርሶ መልሱን ይዞ ይመለሳል። ይህን የሚያስችለው፣ ስዊድናዊው ሊቅ አዳም ደንከልስ ለጥቃቅን መሣሪያዎች የደረሰው ኤልደብሊዩአይፒ የተሰኘ ሶፍትዌር ነው። ኃይሏን ከላፕቶፑ ስለምትቀበል፣ መብራት ቢጠፋ ኢንተርኔትም ቢቋረጥ፣ ባትሪው እስካለ ድረስ አገልግሎቷ አይታጎልም።

ለዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከዚህች የተሻለ የመጀመሪያ መምህር አይገኝለትም፤ 2 ሜጋባይት ማከማቻዋ የሀዲይኛ ወይም የከምባትኛ የቃላት ዝርዝር ለመያዝ ይበቃል፤ ቪዲዮ ግን አይሞከርም።