ሁለት መርፌ



ሩማቶይድ አርትራይተስ እንዳለብኝ ካወቅኩ 6 ዓመቴ ነው። ለስንቱ ታካሚ «እረፍት አድርጊ» ብዬ አዝዣለሁ፤ ወደ ራሴ ሲመጣ ግን አቃተኝ። ጠዋት ጠዋት የልጄን ሸሚዝ መቆለፍ እንኳ ጣቶቼ እምቢ ይሉኝ ነበር።

በምኖርበት በካናዳ ዊኒፔግ ከተማ ሜቲ የሚባል ሕዝብ አለ። ዘራቸው ከአገሩ ነባር ሕዝቦችና ከአውሮፓ ከመጡ የፀጉራም ቆዳ ነጋዴዎች ይመዘዛል። በከፋይና በቆዳ ላይ በሚሰፉት የዶቃ አበባ ይታወቃሉ። ስፌቱን ያስተማሩኝ የሜቲ እናት በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሱት። የሚሠሩት በሁለት መርፌ ነው፦ አንዱ ዶቃውን ይደረድራል፣ ሌላው ክሩን በየሁለት ሦስት ዶቃው ከጨርቁ ጋር ያስራል። አንድ ቦታ ቢበጠስ አበባው በሙሉ አይበተንም።

«ዛሬ እጅሽ ስንት ዶቃ ይችላል?» ይሉኛል። አንዳንድ ቀን አምስት ነው። አምስቷን አስሬ አስቀምጣለሁ።

አሁን ታካሚዎቼንም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ከመካከላችንም ሕመሙን ደብቆ ዲዩቲ የሚገባ አይጠፋም፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። እባካችሁ፣ ዛሬ ስንት እንደምትችሉ ቢያንስ ለአንድ ሰው ንገሩ።